ፋብሪካው የረሳው ጣሳ

ደህና የሚሠራ ዕቃ ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው በየቤተሰቡ አንድ አንድ ታድሏል። አጎት ሊሆን ይችላል፣ አማች ሊሆን ይችላል፣ ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል። የተሰበረ የሚጠግነውን ሰው ማለታችን አይደለም፤ እሱማ ባለውለታ ነው፣ ዕድሜ ይስጠው። የምናወራው ያልተሰበረውን ስለሚጠግነው ነው። በሩ እንደ ወጉ ይከፈታል፣ እንደ ወጉ ይዘጋል። እሱ ግን በሩ ፊት ይቆምና አንገቱን ዘንበል አድርጎ «እህም!» ይላል። ከዚያች «እህም» በኋላ የቤቱ ባለቤት በሩን ቢሰናበተው ይሻለዋል።

በእኛ ታሪክ ውስጥ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ሰው ጋሽ ፋብሪካ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ከመታወቂያቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ይኼኛው የወጣላቸው ከገዛ አፋቸው ነው። የማንኛውንም ዕቃ ክዳን ከፍተው ውስጡን ካዩ በኋላ፣ ሐኪም ለበሽተኛ ቤተሰብ ሲናገር እንደሚያደርገው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፋብሪካው አንድ ነገር ረስቷል» ይላሉ። ፋብሪካው ያልረሳበት ዕቃ እስከ ዛሬ አላጋጠማቸውም። ካውያ ሲሠራ ረስቷል፣ የግድግዳ ሰዓት ሲሠራ ረስቷል፣ ጃንጥላ ሲሠራ እንኳ ረስቷል። የዓለም መሐንዲሶች ሁሉ የረሱትን የሚያስታውስ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን የት እንዳስቀመጡት ግን አያስታውሱም።

ጋሽ ፋብሪካ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የውኃ ፓምፕ ጣቢያ የጥገና ሹም ነበሩ። እዚያ ከመመሪያው ውጪ አንዲት ብሎን ማዞር ክልክል ነበር፤ እሳቸውም ትእዛዝ አክባሪ ናቸውና አላዞሩም። ዕድሜ ልካቸውን አምቀው የያዙትን ማሻሻያ ሁሉ ጡረታ በወጡ ማግሥት ዘመድ አዝማድ ላይ ለቀቁት።

ከዘመድ ሁሉ አብዝቶ የቀመሰው መምህሩ ነው። መምህሩ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ የጋሽ ፋብሪካ ሚስት ታላቅ እህቱ ነበረች። እሱ ቤት መጀመሪያ ተሻሽሎ የቀረው የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ነው። «ፋብሪካው ግፊት ረስቷል» ተባለ፤ ግፊት ተጨመረ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ለጥየቃ መጥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ቢገቡ እስከ ወገባቸው ርሰው ወጡ። ጨዋ ሰው ስለሆኑ አመስግነው ሄዱ፤ ዳግመኛ ግን አልመጡም። ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ተራ ሆነ። ከጀርባው ማራገቢያ ተገጠመለትና፣ እውነት እንናገር፣ ቅዝቃዜው ጨመረ። ነገር ግን ማጉረምረም ጀመረ። ቤተሰቡ ዜና ለመስማት የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ ግድ ሆነበት። ጋሽ ፋብሪካም ይህን ሲያዩ ፋብሪካው ቴሌቪዥኑ ላይም አንድ ነገር መርሳቱን አስተዋሉ።

ሌላዋ አደገኛ ቃላቸው «አንድ ጊዜ ያዝልኝማ» የምትለው ናት። ለሰሚው ቀላል ናት። የቱቦ ጫፍ ትይዛለህ፣ ወይም አምፖል፣ ወይም ስሙን የማታውቀው ብረት። ያቺ «አንድ ጊዜ» ግን ከምሳ በፊት ጀምራ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ትዘልቃለች። በዚያ ቤተሰብ ጋሽ ፋብሪካን ሊጠይቅ ሄዶ አንድ ነገር ይዞ ያልቆመ ሰው የለም። የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሆነ ዘመዳቸው ከነከረባቱ የሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ክዳን ታቅፎ ግማሽ ቀን ቆሟል። ሲሄድም «ጥሩ ረዳት ወጥቶሃል» ተብሎ ተመርቆ ነው የሄደው።

እህትየው በሕይወት ሳለች ለዚህ ሁሉ መላ ነበራት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሏ ጋር ትመጣለች። እሷ ከወንድሟና ከሚስቱ ጋር ሳሎን ቁጭ ብላ ስትጫወት፣ እሳቸው ጓዳ ለጓዳ እየዞሩ ያሻሽላሉ። መሄጃቸው ሲደርስ ብድግ ትልና «በል እንግዲህ፣ አሁን ወደነበረበት መልሰው» ትላቸዋለች። ያለ አንዳች ክርክር ይመልሱታል። ይህ ሁለቱም የተስማሙበት ኑሮ ነበር፤ ዕቃውም ይተርፋል፣ ሰውየውም ይረካል።

ከሞተች ወዲህ ወደነበረበት የሚያስመልሳቸው ጠፋ። ቧንቧውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ቴሌቪዥኑም ከዚያ በኋላ የሆኑ ናቸው። ቅዳሜ መምጣቱን ግን አልተዉም። የመሣሪያ ሣጥናቸውን አንጠልጥለው ብቻቸውን ይመጣሉ። ሳሎን ግን አይዘልቁም። «ግቡ እንጂ ጋሼ» ሲባሉ «እጄ ቆሻሻ ነው» ይላሉ፣ ገና ምንም ሳይነኩ። ሻይ ቢሰጣቸው በር ላይ ቆመው ፉት ይሉና ብርጭቆውን መስኮት ላይ አስቀምጠው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። መምህሩ ይህንን የሥራ ሰው ጠባይ ነው ብሎ ትቶት ነበር።

እንዲህ እንዳለን መምህሩ መኪና ገዛ። ያገለገለች ብትሆንም ንጹሕ፣ ትንሽ፣ ቱርቦ ያላት መኪና ናት። ቱርቦ ማለት አየር ጨምቆ ለሞተሩ የሚያጎርስ ነገር ነው ብለን እንለፈው፤ ከዚህ በላይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ጋሽ ፋብሪካን ይጠይቅ፣ ምሳውን ግን በልቶ ይሂድ። መምህሩ መኪናዋን ቤቱ ፊት ለፊት አቁሞ በጨርቅ ሲወለውል እሳቸው ከነሣጥናቸው ደረሱ።

«ቱርቦ አላት?» አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ ከማለታቸው በፊት።

«አላት ጋሼ።»

«እስቲ ኮፈኑን ክፈት።»

ኮፈኑ ተከፈተ። ጋሽ ፋብሪካ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉና ለረጅም ጊዜ አዩ። መምህሩ የሚመጣውን ያውቀዋል፤ ሆዱ ግን ምናልባት የዛሬዋ ፋብሪካ ጎበዝ ትሆናለች ብሎ ተስፋ አደረገ።

«ፋብሪካው አንድ ነገር ረስቷል።»

«ጋሼ፣ መኪናዋ ደህና ናት እኮ።»

«ደህናማ ናት። ለጊዜው።» አንዱን ጥቁር ቱቦ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ስማኝ። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ትንፋሹ ደግሞ ባዶውን አይደለም፣ የዘይት ላብ አለበት። ያ ላብ በዚህ ቱቦ ይዞርና መልሶ ቱርቦው አፍ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ተመልሶ ሞተሩ ሆድ ውስጥ። አንተ የራስህን ላብ ጨምቀህ ትጠጣለህ?»

«ኧረ አልጠጣም።»

«ታዲያ እሷ ምን በደለችህ?»

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይምጣ። መምህሩ ጨርቁን አጠፈ። በመስኮት ስትሰማ የቆየችው ሚስቱ ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለችና መስኮቱን ዘጋችው። ሚስቱ ፋርማሲስት ናት፤ መድኃኒት ለታመመ ብቻ ነው የሚሰጠው ብላ የምታምን ሴት ናት። ከጋሽ ፋብሪካ ጋር የማይግባቡት በዚህች አንዲት ነጥብ ብቻ ነው፤ ነጥቧ ግን ሰፊ ናት።

የላቡ መድኃኒት ዘይት ማጥመጃ ጣሳ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ፋብሪካ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋት መጡ። አንድ ብርጭቆ ውኃ የምትይዝ፣ የምታብረቀርቅ የአሉሚኒየም ጣሳ ናት፤ ሆዷ ውስጥ የድስት መፈግፈጊያ የመሰለ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። የሞተሩ ትንፋሽ በአንዱ አፏ ይገባል፣ ዘይቱ ሽቦው ላይ ተይዞ ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ የተጣራው አየር በሌላው አፏ ይወጣል። መውጫው ላይ ደግሞ ትንፋሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ አለ። የተጠራቀመው ዘይት ታችዋን ፈትቶ ይደፋል። ነገሩን በእውነት ለመፍረድ፣ ጣሳዋ የማትረባ ነገር አይደለችም፤ ጋሽ ፋብሪካ የሚያሻሽሉት ሁሉ በሐሳብ ደረጃ ልክ ነው።

መጀመሪያ ጣሳዋ የምትቀመጥበት ቦታ ተፈለገ። ባትሪው አጠገብ ክፍተት ተገኘና መያዣ ብረቷ በሁለት ብሎን ታሰረ። ጋሽ ፋብሪካ ብሎን ሲያስሩ ለማየት ደስ ይላሉ። መጀመሪያ በጣታቸው ያዞሩታል፣ ከዚያ በቁልፍ፣ መጨረሻ ላይ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ምን እንደሚሰሙ አይታወቅም። ቱቦዎቹን ከመቁረጣቸው በፊት በክር ለኩ። የተቆረጠውን ጫፍ በምላጭ አስተካከሉ፣ ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ ጠረጉ። በዚህ መሐል መነጽራቸው የለም።

«አንድ ጊዜ ያዝልኝማ» አሉና ስልካቸውን ለመምህሩ ሰጡት። «ሥዕሉ እዚያ አለ። የትኛው ቱቦ የትኛው አፍ ላይ እንደሚገባ አንብብልኝ።»

እንግዲህ ጉዱ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ፋብሪካ ከመኪናዋ በአንደኛው ጎን ጎንበስ ብለዋል፤ መምህሩ በሌላኛው ጎን ፊት ለፊታቸው ቆሟል። መምህሩ ካርታ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነውና በልበ ሙሉነት ስልኩን ዞር ዞር አድርጎ እሱ ከቆመበት ጋር አስማማው። ከዚያም ክፍል ውስጥ እንደሚናገረው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ከሞተሩ የሚመጣው በቀኝ በኩል! ወደ ቱርቦ የሚሄደው በግራ!» አለ። ጋሽ ፋብሪካም ቀኝ ሲባሉ በቀኛቸው፣ ግራ ሲባሉ በግራቸው ሰኩት። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ቀኝ ለሌላው ግራ እንደሆነ መምህሩ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ያስተምራል። ጋሽ ፋብሪካ ደግሞ በመዳፋቸው ነክተው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ፋብሪካን የማያምኑት ሰው አማቻቸውን አመኑ።

ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ያምራል። ጣሳዋ ታብረቀርቃለች። ጋሽ ፋብሪካ ክንዳቸውን አጣጥፈው ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው አዩዋት፤ በፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ መምህሩ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አላየውም ነበር። ሻይ መጣ። እንደ ልማዳቸው ቆመው ጠጡና ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ሚስቱን ሥራ ሊያደርስ ይዟት ወጣ። ነጭ ጋውኗን ቤት ለብሳው ነበር፤ ስለረፈደባት። መብራት ላይ ደርሰው ሲቆሙ ከኮፈኑ ጠርዝ ጭስ ብቅ አለ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር። ከዚያ መላ መኪናዋን ሸፈናት። ከኋላ ያለው ጥሩንባውን ነፋ፣ ከጎን ያለው መስኮቱን ከፍቶ «ውጡ! ውጡ!» አለ፣ አንዱ ጋዜጣ ሻጭ ደግሞ ለመርዳት ይሁን ለማየት ሮጦ መጣ። መምህሩ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተስፈንጥሮ ወጥቷል፤ ዘይቱ በጋለው ሞተር ላይ ተረጭቶ ይጨሳል። ሚስቱ ልታይ ጠጋ ስትል የመጨረሻዋ ጠብታ ተፈናጥራ በቀጥታ ነጩ ጋውን ደረት ላይ አረፈች።

በዚህ ጊዜ ከኋላ «ሞተሩን አጥፋው! ምንም አይደለም፣ አጥፋው!» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሽ ፋብሪካ ናቸው። መኪናቸውን ከኋላ አቁመው ሣጥናቸውን ይዘው ይሮጣሉ፤ በዚያ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ።

«ጋሼ! ከየት መጣህ?» አለ መምህሩ።

«ከኋላችሁ ነበርኩ። ለማንኛውም ብዬ ነው።»

ከቤት ጀምረው ሲከተሏቸው ነበር። በኋላ እንደታወቀው መኪናውን ነካክተውለት የማይከተሉት ዘመድ የለም፤ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ራቅ ብለው ከኋላው ይነዳሉ፣ ሳይታዩ ይመለሳሉ። ያን ዕለት መታየት ግድ ሆነባቸው።

ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ቱቦው ላይ አሳረፉ። ወዲያው ገባቸው። «አፍነናታል» አሉ ቀስ ብለው። «ቱቦዎቹ ተቀያይረዋል፤ ቫልቩ ትንፋሿን ዘጋው። መውጫ ስታጣ በዘንጉ በኩል ተፋችው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

መምህሩ በዚያች ቅጽበት ቀኝና ግራው ትዝ አለው። አፉን ከፈተ። ግን ሚስቱ ቀደመችው።

«ጋሼ» አለች፣ ደረቷ ላይ ያለውን ጥቁር ክብ እያየች፣ «በእናትዎ ልለምንዎ። ከእንግዲህ የእኛን ቤት ዕቃ አይንኩብን። መኪናውንም፣ ቧንቧውንም፣ ምኑንም። እርስዎም ይረፉ፣ እኛም እንረፍ።»

«እሺ ልጄ» አሉ ጋሽ ፋብሪካ።

ቱቦዎቹን አቀያየሩ፣ ዘንጉን ወደ ቦታው መለሱ፣ የጎደለውን ዘይት ከሣጥናቸው አውጥተው ሞሉ፣ የፈሰሰውን ጠረጉ። ሞተሩ ተነሥቶ እንደ ሰው ሲተነፍስ ሰሙትና ኮፈኑን ቀስ አድርገው ዘጉ። ሲሄዱ ቅስማቸው እንደተሰበረ ከጀርባቸው ይታወቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ወርቅ ሆነች። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ጋሽ ፋብሪካ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ወር አለፈ። ቤቱ ውስጥ የሚሻሻል ነገር ጠፋ፤ ሰላም ሆነ ማለት ነው። መምህሩን የገረመው ሰላሙ አለመጣሙ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መንገዱን በመስኮት ማየት ጀመረ። ሚስቱም ሻይ ስትቀዳ አንድ ብርጭቆ ታተርፍና ስትመልሰው ታየች።

«ቀኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አላት አንድ ቀን። «ቱቦውን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ባሉበት ሆኜ አላየሁትም።»

ሚስቱ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?»

«ቀደምሽኝ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች። ለማን እንዳለችው ግን አልታወቀም። ከዚያ «ደውልላቸውና ይምጡ» አለችው።

ደወለ። ጋሽ ፋብሪካ ስልኩን ወዲያው አነሡት።

«ጋሼ፣ ምነው ጠፋህ?»

«አለሁ። ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም።»

«ጣሳዋስ?»

«ደህና ናት።»

«እንግዲያው ምን ልሥራ ብዬ ልምጣ?»

«ምንም አትሠራም። ዝም ብለህ ና እንጂ።»

«ዝም ብዬ?» አሉ። ሰው በአደባባይ ራቁትህን ና የተባለ ያህል ነበር ድምፃቸው። «ዝም ብዬማ... እስቲ እናያለን። ሰላም በልልኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

መምህሩ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። እህቱ የሞተች ሰሞን ትዝ አለው። ቤቱ ሊያጽናና በመጣ ሰው ተሞልቶ ሳለ ጋሽ ፋብሪካ ጠፉ። ሲፈለጉ ጓሮ ተገኙ፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን አንድ በአንድ ፈትተው መሬት ላይ ዘርግተውታል። ሰዉ ተንሾካሾከ፤ «ይኼ ሰውዬ ልብ የለውም እንዴ?» ያለም ነበር። መምህሩ ሊቆጣቸው ሄዶ ነበር። ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። «ይጮህባት ነበር» አሉት። «ሁልጊዜ ይጮሃል ትለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ያዝልኝማ።» የማሽኑን ቱቦ ያዘላቸው። እሱ ቱቦውን ይዞ አለቀሰ፤ እሳቸው ብሎን እያጠበቁ አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ስለ እሷ ተነጋግረው አያውቁም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አንዱ ይዞ፣ አንዱ እያጠበቀ፣ አብረው ቆመው ውለዋል።

አሁን ገባው። ሰውየው ወደዚህ ቤት የሚመጡት በእህቱ በኩል ነበር። እህቱ ስትሄድ የመምጫ ምክንያታቸው አብሮ ሄደ። ሳሎን ገብተው ማን ነኝ ብለው ይቀመጡ? በር ላይ ያለ ምክንያት መቆም የማይችል ዓይን አፋር ሰው ናቸው፤ ለዚህ ነው ሣጥን የሚያንጠለጥሉት። ዕቃችንን አይንኩ ሲባሉ ቤታችን አይምጡ የተባሉ ያህል ነው የሰሙት። መምህሩ ይህን ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ፊቷን አዙራ የታጠበ ሰሃን መልሳ አጠበች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ደወለ።

«ጋሼ፣ ጣሳዋ የሞላች መሰለኝ።»

«ሞልታለች?»

«መሰለኝ። እኔ እንጃ። ልፈታት ፈርቼ ነው።»

«እንዳትነካት! እንዳትነካት፣ መጣሁ!»

መምህሩ ስልኩን ዘግቶ በደስታ ወደ መኪናዋ ሄደ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ የጣሳዋን ታች ፈትቶ አየ። ክው አለ። ጣሳዋ ደርቃለች። ከሥሯ አንዲት ጠብታ የመሰለች ነገር አለች፤ እሷም ውኃ ናት። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ምንም አላላበውም። ጋሽ ፋብሪካ ደግሞ መንገድ ላይ ናቸው። ባዶ ጣሳ ሊያዩ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራቸው ሁሉ እያዘነላቸው እንደሆነ ሊያውቁ ነው።

«ደርቃለች!» አላት ሮጦ ሚስቱን። «አንዲት ጠብታ ዘይት የለባትም!»

ሚስቱ ምድጃው ፊት ቆማ ድንች ትጠብሳለች። ለአፍታ አሰበች። ከዚያ መጥበሻውን አነሣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ዘይት አይደል የምትፈልገው? ይኼው ዘይት።»

«የምግብ ዘይት እኮ ነው!»

«ጠቁሯል። ማን ያውቃል?» አለችና መጥበሻውን ይዛ ወጣች። ከዚያም ለልጆች ሽሮፕ የሚለካበትን ትንሽ ስኒ ከኪሷ አወጣች፤ ፋርማሲስት ናትና በግምት አትሠራም። እየነፋች አበረደችው፣ በልኩ ለካች፣ ባሏ በያዘላት ጣሳ ውስጥ አንቆረቆረች። «ያዝ በደንብ» እያለች ነበር። መምህሩ ይዞ ቆመ። ላልታመመ መድኃኒት የማትሰጠው ሴት ያን ቀን ፍጹም ጤነኛ ለሆነ ሞተር ድንች የተጠበሰበት ዘይት ሰጠች።

ታችዋን አጥብቀው ሳይጨርሱ የጋሽ ፋብሪካ መኪና ድምፅ ተሰማ። ሚስቱ መጥበሻውን ቀሚሷ ሥር ለመደበቅ እየሞከረች ወደ ቤት ሮጠች።

ጋሽ ፋብሪካ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ጢማቸውንም ተላጭተዋል። ሣጥናቸውን አስቀመጡና እንደ ዱሮው ጎንበስ አሉ። ከሥር ንጹሕ ጨርቅ አነጠፉ፣ ትንሽ ሰሃን አደረጉ፣ የጣሳዋን ታች በጣታቸው ቀስ እያሉ ፈቱ። ዘይቱ ወረደ። ለብ ያለ ነበር፤ ከሌሊት ጀምሮ ያልተነሣ ሞተር ዘይት ለብ የሚልበት ምክንያት የለም። በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱት። ዕድሜ ልካቸውን የማሽን ዘይት ሲያሸቱ የኖሩ ሰው ናቸው። የጣታቸው ጫፍ ላይ አንዲት የተጠበሰች የድንች ፍርፋሪ ተለጥፋለች። ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩዋት።

ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ተመለከቱ፤ መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ መምህሩን አዩት። መምህሩ ስለ አየር ጠባይ ሊጽፍ ይመስል ሰማዩን ይመረምራል። ጆሮው ግን ቀልቷል።

ጋሽ ፋብሪካ ፍርፋሪዋን በጨርቁ ጠርገው ጨርቁን በጥንቃቄ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ነገሩ ከባድ ነው» አሉ።

«ምነው ጋሼ?»

«ይቺ ሞተር በጣም ያልባታል። በወር አንድ ጊዜ አይበቃትም።»

«በስንት ጊዜ ይሁን ታዲያ?»

«በየሳምንቱ መታየት አለባት» አሉ፣ ሰሃኑን እያዩ። «ቅዳሜ ቅዳሜ። ግድ ነው።»

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም ጣሳዋ ላይ አፍጥጠው ቆሙ፤ ምንም የሚያዝ ነገር አልነበረም፣ ማንም ምንም አልያዘም።

ይኼኔ የወጥ ቤቱ መስኮት ወለል ብሎ ተከፈተ።

«ጋሼ!» አለች ሚስትየዋ። «የተረፈው ድንች ሳይቀዘቅዝ ይግቡ እንጂ!»

ጋሽ ፋብሪካም ሣጥናቸውን እዚያው መኪናዋ ሥር ትተውት ገቡ።